የቤት ኮምፒዩተር ጥንቃቄ ልማዶች አመጣጥ፦ ከፍሎፒ ዲስክ ዘመን እስከ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራሞች

ዛሬ ኮምፒዩተር በቤቱ ላለው ሰው የሚነገሩት የጥንቃቄ ምክሮች በጣም ከመለመዳቸው የተነሣ መነሻቸው ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ያልጠበቁትን የኢሜይል አባሪ አለመክፈት፣ የሰው ፍላሽ ሳይመረምሩ አለመሰካት፣ ሶፍትዌርን በወቅቱ ማደስ፣ የፋይሎችን ቅጂ በሌላ ቦታ ማኖር የሚሉት ምክሮች እያንዳንዳቸው የወጡት ከአንድ የታወቀ ጥፋት በኋላ፣ ጥፋቱ የገባበት ቀዳዳ ተለይቶ ሲታወቅ ነው። የእነዚህን ልማዶች ታሪክ በቅደም ተከተል የሚከታተል አንባቢ ሁለት ነገሮችን ይረዳል፤ አንደኛው፣ አጥፊ ፕሮግራሞች የሚዛመቱት ሰዎች በየዘመኑ ፋይል በሚለዋወጡበት መንገድና እርስ በርስ ባላቸው መተማመን መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በተጠቃሚው ቸልተኝነት ከተሳበበው ጥፋት ብዙው ከአምራቾቹ የንድፍ ምርጫ የመነጨ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተመለከተ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ራሱን በራሱ የሚያባዛ ማሽን ሊኖር እንደሚችል በሒሳብ ያስረዱት በሃንጋሪ ተወልደው በአሜሪካ የሠሩት ጆን ቮን ኖይማን ሲሆኑ፣ በጉዳዩ ላይ የጀመሩት ሥራ ከሞቱ በኋላ በ1966 ታትሟል። ሐሳቡ በተግባር የተሞከረው በ1971 ነው፤ በዚያን ጊዜ የቢቢኤን ኩባንያ ባለሙያ የነበሩት ቦብ ቶማስ፣ ከኢንተርኔት በፊት በነበረው በአርፓኔት መረብ ላይ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚሸጋገር ክሪፐር የተባለ ፕሮግራም ጻፉ፤ ሪፐር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ እሱን እያሳደደ እንዲያጠፋ ተሠራ። እነዚህ በምርምር ተቋማት ግዙፍ ማሽኖች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ስለነበሩ የቤት ተጠቃሚውን አልነኩትም። በግል ኮምፒዩተሮች ላይ ከተዛመቱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1982 የ15 ዓመቱ አሜሪካዊ ተማሪ ሪች ስክሬንታ ለአፕል 2 ኮምፒዩተር የጻፈው ኤልክ ክሎነር ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በፍሎፒ ዲስክ፣ ማለትም በዚያ ዘመን ፕሮግራምና ጽሑፍ ይያዝበት በነበረው ስስ ማግኔታዊ ዲስክ አማካይነት ነበር። በተበከለ ዲስክ ኮምፒዩተሩ ለ50ኛ ጊዜ ሲነሣ አጭር ግጥም በስክሪኑ ላይ ይወጣ ነበር እንጂ ሌላ ጥፋት አልታሰበበትም።

ለዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ሳይንሳዊ መሠረት ያበጁለት በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ፍሬድ ኮኸን ናቸው። ኮኸን በ1983 ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተጣብቆ የሚባዛ ፕሮግራም በሙከራ ካሳዩ በኋላ፣ መምህራቸው ሌናርድ አድልማን ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ቫይረስ ብለው ጠሩት። በ1984 ባቀረቡት ጥናት ደግሞ፣ ማንኛውንም ፕሮግራም መርምሮ ቫይረስ መሆኑንና አለመሆኑን ያለ ስሕተት የሚለይ መመርመሪያ ሊሠራ እንደማይችል አስረዱ። ይህ ድምዳሜ የአንቲ ቫይረስ ንግድ ከመጀመሩ በፊት የተደረሰበት መሆኑ ሊሠመርበት ይገባል፤ አንድ የአንቲ ቫይረስ ፕሮግራም ገዝቶ ሙሉ ዋስትና ያገኘ የመሰለው ሰው የሚሳሳተው በዚያን ጊዜ በተረጋገጠ ነገር ላይ ነውና።

ቫይረስን የዓለም ሁሉ ችግር ያደረገው በ1986 ከፓኪስታን ከላሆር ከተማ የወጣው ብሬይን ነው። የኮምፒዩተር ሱቅ የነበራቸው ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ወንድማማቾች፣ የሠሩት ሶፍትዌር ያለ ፈቃዳቸው እየተቀዳ ስላስቸገራቸው ያን ለመከላከል እንደጻፉት በኋላ ተናግረዋል፤ በፕሮግራሙ ውስጥም ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥራቸውን አስቀምጠው ነበር። ብሬይን የሚደበቀው በፍሎፒ ዲስኩ የማስነሻ ክፍል፣ ማለትም ኮምፒዩተር ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ በሚያነበው የዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ሰው የተበከለ ዲስክ ማሽኑ ውስጥ ረስቶ ኮምፒዩተሩን ያጠፋና በማግስቱ ያበራዋል እንበል። ዲስኩ የማስነሻ ፋይል ስለሌለው ኮምፒዩተሩ ሊነሣ እንደማይችል የሚገልጽ መልእክት ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ሰውየውም ስሕተቱን ተረድቶ ዲስኩን ያወጣል። ይሁን እንጂ መልእክቱን በስክሪኑ ላይ ያወጣው ራሱ የማስነሻው ክፍል ነበርና፣ ጽሑፉ ሲነበብ ቫይረሱ አስቀድሞ ወደ ሜሞሪ ገብቶ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ተዘግቶ እስኪነሣ ድረስም ከዚያ በኋላ የሚገባውን ዲስክ ሁሉ ይበክላል። በዚያ ዲስክ ውስጥ ተጠቃሚው የከፈተው አንድም ፕሮግራም አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ የቤት ጥንቃቄዎች የተበጁት ይህን መንገድ ለመዝጋት ነው። ኮምፒዩተር ከመዘጋቱ በፊት ዲስክ ይወጣል፤ በትልቁ ባለ 5¼ ኢንች ዲስክ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ ቁራጭ ቦታ በተለጣፊ ወረቀት ትሸፈናለች፤ በትንሹ ባለ 3½ ኢንች ዲስክ ጥግ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መንሸራተቻ ደግሞ ተገፍታ ቀዳዳው ይከፈታል፤ ይህ ሲደረግ ማሽኑ ዲስኩን ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም፣ ቫይረስም ሊሰፍርበት አይችልም። ከዚህ ሁሉ የበለጠው ጥንቃቄ፣ ኮምፒዩተሩ ከፍሎፒ ሳይሆን ከሃርድ ዲስክ እንዲነሣ ቅንብሩን መለወጥ ነበር። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አምራቾች ከመጀመሪያው ቢያደርጉት ኖሮ የማስነሻ ክፍል ቫይረሶች ያን ያህል ባልተዛመቱ ነበር።

በ1987 ቪየና፣ ካስኬድና ኢየሩሳሌም የተባሉ ቫይረሶች ተከታትለው ታዩ። በኢየሩሳሌም ከተማ የተገኘው የመጨረሻው፣ ወሩ በገባ በ13ኛው ቀን ዓርብ ሲውል የሚከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ የሚሰርዝ ነበር፤ ነገር ግን ጸሐፊው በሠራው ስሕተት አንዱን ፋይል ደጋግሞ ስለሚበክለው ፋይሉ እየተለቀ ማሽኑን ያዘገየው ጀመር፤ ይህም የተደበቀውን አጋለጠው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የማካፊ፣ በቼኮዝሎቫኪያ የኖድ የተባሉ የአንቲ ቫይረስ ፕሮግራሞች ብቅ አሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች በአመዛኙ የሚሠሩት የታወቁ ቫይረሶችን የኮድ ምልክት በዝርዝር ይዘው ፋይሎችን ከዝርዝሩ ጋር በማመሳከር በመሆኑ፣ ዝርዝሩ ያልታደሰ አንቲ ቫይረስ ትናንት የተጻፈን ቫይረስ አያውቅም። አንቲ ቫይረስን አዘውትሮ ማደስ የሚባለው ልማድ የመጣው ከዚህ አሠራር ነው።

ዲሴምበር 1989 ላይ ደግሞ አዲስ ዓይነት ወንጀል ታየ። ጆሴፍ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ የባዮሎጂ ምሁር ስለ ኤድስ መረጃ የያዙ የሚመስሉ 20,000 ያህል ፍሎፒ ዲስኮች በፖስታ ላከ፤ ከተቀባዮቹ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት በኤድስ ላይ ባካሄደው ስብሰባ የተሳተፉ ሰዎች ይገኙበታል። ዲስኩ ትሮጃን የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ይኸውም ጠቃሚ ፕሮግራም መስሎ በተጠቃሚው በራሱ እጅ የሚጫን ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ 90 ጊዜ ያህል እስኪነሣ ድረስ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ የፋይሎችን ስም በምስጢር ጽሑፍ ቀይሮ ይሰውራቸውና 189 ዶላር ፓናማ ወዳለ የፖስታ ሣጥን እንዲላክ ይጠይቃል። ምስጢሩ ደካማ ስለነበር ባለሙያዎች ብዙ ሳይቆዩ ፈትተው መፍቻውን በነፃ አሠራጩ፤ በድንጋጤ ሃርድ ዲስካቸውን ያጠፉት ተቋማት ግን ሥራቸውን በገዛ እጃቸው አጡ። በ1996 አዳም ያንግና ሞቲ ዩንግ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ አጥፊው ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ቁልፎች በሚሠራ ምስጢር ቢጠቀም መፍቻው በወንጀለኛው እጅ ብቻ እንደሚቀር አስጠንቅቀው ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ከ17 ዓመት በኋላ በቤት ተጠቃሚው ላይ ደረሰ።

የ1990ዎቹ አጋማሽ የመተላለፊያውን መንገድ ቀየረ። በ1995 የታየው ኮንሴፕት በማይክሮሶፍት ወርድ ሰነዶች ውስጥ በሚቀመጡ ማክሮ በሚባሉ አነስተኛ የትእዛዝ ጽሑፎች ይተላለፍ ስለነበር፣ ሰነድ እንጂ ፕሮግራም ካልተከፈተ አደጋ የለም የሚለው እምነት በዚያን ጊዜ አበቃ። በማርች 1999 ሜሊሳ ይህንኑ ከኢሜይል ጋር አጣምሮ፣ በተጠቂው የአድራሻ ዝርዝር ላይ ላሉት የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች ራሱን ላከ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የቤት ተጠቃሚውን አስተሳሰብ የቀየረው ሜይ 4 ቀን 2000 ከፊሊፒንስ የወጣው «አይ ላቭ ዩ» ነው። ይህ ፕሮግራም ትል ከሚባሉት ወገን ነበር፤ ትል ከቫይረስ የሚለየው ሌላ ፕሮግራም ላይ ሳይጣበቅ በራሱ በመረብ የሚዛመት በመሆኑ ነው። መልእክቱ የፍቅር ደብዳቤ መሆኑን ይገልጽና አንድ አባሪ ይይዛል። የአባሪው ሙሉ ስም በሁለት ቅጥያዎች ያበቃ ነበር፤ መጀመሪያ «ነጥብ ቲኤክስቲ» የሚለው ተራ ጽሑፍ መሆኑን የሚያመለክት ቅጥያ፣ ቀጥሎ ደግሞ «ነጥብ ቪቢኤስ» የሚለው የሚፈጸም የትእዛዝ ፋይል መሆኑን የሚያመለክት ቅጥያ ነበረው። ዊንዶውስ የታወቁ ቅጥያዎችን ከስም መጨረሻ ላይ እንዲደብቅ ተደርጎ ስለተሠራ፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ስለዚህ ተጠቃሚው ፊት ለፊቱ ያየው ከሚያውቀው ሰው የተላከ የጽሑፍ ፋይል ነው። አባሪውን የከፈተው ሰው ሥዕሎቹና ፎቶግራፎቹ በትሉ ቅጂ ተተኩበት፣ የሙዚቃ ፋይሎቹ ተሰወሩበት፣ በአድራሻ ዝርዝሩ ላይ ላሉ ሰዎች ሁሉም ያው ደብዳቤ በእርሱ ስም ተላከ። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጠቁ። የተጠረጠረው ወጣት ግን በፊሊፒንስ ጉዳዩን የሚመለከት ሕግ ስላልነበረ ሳይቀጣ ቀረ፤ ሕጉ የወጣው በቀጣዩ ወር ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሠራበት አልቻለም። በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀሎች በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ውስጥ ከገቡ በኋላ፣ ራሱን የቻለው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008 ዓ.ም. ወጥቷል።

ከዚህ ክስተት በኋላ ከማያውቁት ሰው የመጣ አባሪ አይከፈትም የሚለው ምክር በየቦታው ተሰማ፤ ነገር ግን ምክሩ የተቀዳው ከተሳሳተ ትምህርት ነው። «አይ ላቭ ዩ» የመጣው ከሚያውቁት ሰው ነበርና ትክክለኛው ጥንቃቄ የላኪውን ማንነት ሳይሆን የአባሪውን ዓይነት መመርመር፣ ያልተጠበቀ ከሆነም ላኪውን በሌላ መንገድ መጠየቅ ነው። ዊንዶውስ ዛሬም ቅጥያዎችን ደብቆ ለገበያ መቅረቡ በብርቱ ሊነቀፍ የሚገባው ነገር ሲሆን፣ ቅንብሩን ለውጦ ቅጥያዎቹ እንዲታዩ ማድረግ ለማንኛውም የቤት ተጠቃሚ ይቻለዋል።

ትሎች ተጠቃሚው አንዳች ነገር እስኪከፍት ሳይጠብቁ ሊዛመቱ መቻላቸው በ2003 በብላስተር፣ በ2004 በሳሰር ታየ፤ ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘቱ ብቻ ለመጠቃት ይበቃ ነበር። ለሁለቱም ቀዳዳዎች መድፈኛው ትሉ ከመውጣቱ በፊት በአምራቹ ተሠራጭቶ ሳለ አብዛኛው ተጠቃሚ አልጫነውም ነበር። ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2003 ጀምሮ ማደሻዎችን በየወሩ በታወቀ ቀን ማውጣት ጀመረ፤ በኦገስት 2004 ባወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ ማሻሻያ ደግሞ ፋየርዎል፣ ማለትም ከመረብ የሚመጣውን ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደው አጥር፣ ተጠቃሚው ሳይጠየቅ በራሱ የበራ ሆኖ እንዲመጣ አደረገ። በዚህ አንድ ውሳኔ የተገኘው ጥበቃ ለዓመታት ከተሰጠው ምክር ሁሉ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዘመን የፍሎፒ ዲስክን ቦታ ፍላሽ ዲስክ ወሰደ፤ የ1986ቱ ችግርም በአዲስ መልክ ተመለሰ። ዊንዶውስ ሲዲ ሲገባለት ፕሮግራሙን በራሱ እንዲከፍት ከ1995 ጀምሮ የተሰጠው አውቶራን የተባለ አሠራር ነበረና፣ ቫይረስ ጸሐፊዎች ይህንኑ በፍላሽ ላይ ተጠቀሙበት፤ በኖቬምበር 2008 የወጣው ኮንፊከርም ከመረብ በተጨማሪ በዚህ መንገድ ተዛመተ። ኢንተርኔት ውድና ዘገምተኛ በነበረባት ኢትዮጵያ ፋይል የሚተላለፈው በአብዛኛው በፍላሽ ስለነበር ጉዳቱ ተሰምቷል። በኢንተርኔት ካፌዎችና በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንድ ኮምፒዩተር በቀን የብዙ ሰው ፍላሽ ይሰካበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማተም የሄደ ተማሪ ፍላሹን ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል ወደሚመሩ አቋራጭ ምልክቶች፣ ተለውጠው ያገኛቸዋል። ብዙዎች ፋይላቸው የጠፋ መስሏቸው ፍላሹን ፎርማት አድርገው በእርግጥ አጥፍተውታል፤ ነገር ግን ቫይረሱ ያደረገው እውነተኞቹን ፎልደሮች ሰውሮ በቦታቸው ሾርትከት ማስቀመጥ ብቻ ስለነበር፣ ሾርትከቱን ሳይነኩ የስውርነት ምልክቱን በማንሣት ሁሉንም መመለስ ይቻል ነበር። ማይክሮሶፍት በ2009 በወጣው በዊንዶውስ 7 ላይ አውቶራን ለፍላሽ እንዳይሠራ አደረገ፤ በፌብሩዋሪ 2011 ባወጣው ማደሻም ይህንኑ ለቀድሞዎቹ ሥርዓቶች አዳረሰ። ይሁን እንጂ ያለ ፈቃድ በተቀዳ ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ቅጂው እንዳይታወቅበት ማደሻውን ስለሚዘጋ፣ መፍትሔው ከተገኘ በኋላም ለብዙ ጊዜ ሳይደርሰው ቆይቷል። ዊንዶውስን ያለ ክፍያ እንከፍታለን የሚሉት የክራክ ፕሮግራሞች በመጫኛ መመሪያቸው ላይ አንቲ ቫይረሱ አስቀድሞ እንዲዘጋ የሚጠይቁ መሆናቸው ብቻ ሊያስጠነቅቅ ይገባል፤ በአሳሽ ፕሮግራም ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የሚሰርቁ ፕሮግራሞች ዛሬ ከሚሠራጩባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይኸው ነውና።

ስለላ የቤት ኮምፒዩተርን የሚነካ ጉዳይ መሆኑ ደግሞ በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ ታይቷል። በ2014 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የቀረበ ክስ እንደሚለው፣ በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ከሌላ ሰው የተላለፈለትን የወርድ ሰነድ በከፈተ ጊዜ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ፣ ከ2012 መጨረሻ አንሥቶ ለወራት የስካይፕ ንግግሮቹን ቀድቷል፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ በኢንተርኔት የፈለገው ነገር ሳይቀር ተመዝግቧል። ክሱ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ የቀረበ ሲሆን፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በማርች 2017 የውጭ መንግሥታትን ከመከሰስ በሚጠብቀው ሕግ መሠረት ዘግቶታል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ የቪዲዮ ድረ ገጽን በሚመስል ሐሰተኛ ገጽ ላይ ፍላሽ ፕሌየር የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻዎ አርጅቷልና ያድሱት በሚል ሽፋን የስለላ ፕሮግራም ለተቃዋሚዎች ይላክ እንደነበር ገልጿል። ማደስ ጥሩ ልማድ መሆኑ በታወቀ ጊዜ የማደስ ጥሪው ራሱ ወጥመድ ሆኗልና፣ ማደሻ የሚወሰደው ከፕሮግራሙ ከራሱ ወይም ከአምራቹ ገጽ ብቻ ነው። ኮምፒዩተርዎ ተበክሏል ብለው በስክሪን ላይ ድንገት ብቅ የሚሉ የሐሰት አንቲ ቫይረሶችም ያንኑ ዘዴ ይከተላሉ፤ በ2011 የአሜሪካ መርማሪዎች ያፈረሱት አንድ እንዲህ ያለ ቡድን ብቻ ከ960,000 ሰዎች 72 ሚሊዮን ዶላር ወስዶ ነበር።

በሴፕቴምበር 2013 የታየው ክሪፕቶሎከር ያንግና ዩንግ የፈሩትን በተግባር አዋለው። የፒዲኤፍ ሰነድ መስሎ በኢሜይል የሚመጣው ይህ ፕሮግራም የቤተሰብ ፎቶግራፎችን፣ ሰነዶችንና የሒሳብ መዝገቦችን ሊፈታ በማይችል ምስጢር ቆልፎ፣ በሦስት ቀን ውስጥ 300 ዶላር ያህል ካልተከፈለ ቁልፉ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል፤ ክፍያውም ቢትኮይን በተባለው ዲጂታል ገንዘብ ጭምር ስለሚፈጸም እንደ ፖፕ የፓናማ ፖስታ ሣጥን ወደ ተቀባዩ በቀጥታ አይመራም። ክሪፕቶሎከር ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ የሚገኘውን ውጫዊ ሃርድ ዲስክም ይቆልፍ ስለነበር፣ ቅጂ አለኝ ብለው የተማመኑ ሰዎች ቅጂውን ከዋናው ጋር አብረው አጡ። መጠባበቂያ ቅጂ ከተቀዳ በኋላ ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ የሚለው ደንብ የጸናው ከዚህ በኋላ ነው። ሜይ 12 ቀን 2017 የተነሣው ዋናክራይ ደግሞ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማደሻ ግን ከማርች 14 ጀምሮ በነፃ ሲሠራጭ ቆይቶ ነበር።

በአርባ ዓመታት ውስጥ አምራቾች ብዙውን ቀዳዳ ዘግተዋል። አንቲ ቫይረስ ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከኢንተርኔት በወረዱ ሰነዶች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችም ከ2022 ወዲህ በኦፊስ ታግደው ይከፈታሉ፣ ይህም ኮንሴፕት ከታየ ከ27 ዓመት በኋላ የተወሰደ እርምጃ ነው። በቤት ተጠቃሚው እጅ የቀሩት ሥራዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም ሁሉ በላይ ሊቀመጥ የሚገባው ተነቅሎ የሚቀመጠው ቅጂ ነው፤ ምክንያቱም ኮኸን እንዳስረዱት ፍጹም የሆነ መመርመሪያ ስለማይኖር፣ መከላከያው አንድ ቀን መሸነፉ አይቀርም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የማደስ አገልግሎት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ስለዚህ በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒዩተር በቤቱ ያለው አንባቢ አስቀድሞ ፎቶግራፎቹንና ሰነዶቹን በውጫዊ ዲስክ ይቅዳና ዲስኩን ይንቀል፤ ከዚያ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11፣ ካልቻለም ሊኑክስ ወደተባለው ሌላ ሥርዓት ያሻግረው።